ከኢየሩሳሌም የመጣው አንድ መግነዝ

በአንድ ወቅት፣ ያውም አያቶቻችን ባዩት ሳይሆን እኛው ራሳችን ደርሰን በታዘብነው ወቅት፣ ደብረ ሲና ከተማ ውስጥ ንጋቱ የሚባል ጎሚስታ ከሚስቱ ከአስካለ ጋር ይኖር ነበር። ንጋቱ ከጣርማ በር የሚወርደውን የጭነት መኪና ሁሉ ጎማ ሲለጥፍ ዕድሜውን የፈጀ፣ እጁ ጥቁር፣ ልቡ ገር የሆነ ሰው ነው። ገር ነው ያልኩት አገሩ እንደዚያ ስለሚለው ነው። አስካለን ብትጠይቋት ሌላ ትላችኋለች፤ እኔም ነገሩን የማወራችሁ እሷ ከቆመችበት በኩል ሆኜ ነው። ቢሆንም የማንንም ቃል አላስቀርም። ፍርዱ የእናንተ ነው።

ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን ድረው ጨርሰው አንድ ምኞት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ኢየሩሳሌም ሄዶ መሳለም። ኢየሩሳሌም የሄደ ሰው መቼም ባዶ እጁን አይመለስም። ሻማ አለ፣ ቅባት አለ፣ የወይራ መስቀል አለ። ከሁሉም በላይ ግን መግነዝ አለ። ሰው ሲሞት የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ ዮርዳኖስ ተነክሮ፣ ጌታ በተገነዘበት ድንጋይ ላይ ተነጥፎ ከመጣለት፣ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠውና የቀረችውን ዕድሜ ልቡ አርፎ ይኖራል። ይህን ያላገኘ ከሱቅ በተገዛ አቡጀዲ ተጠቅልሎ ይሄዳል።

አስካለ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈተለች። ከቆላ የወጣውን ጥጥ ራሷ ዳመጠች፣ ራሷ አባዘተች፣ እንዝርቷን ስታሾር ከረመች። ዓይኗ ድሮም ደካማ ነበር፤ በዚያ ፈትል ጭራሽ ደከመ። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ሰጠችና ሁለት መግነዝ ወጣላት። በአንደኛው ጠርዝ ላይ በቀይ ክር ትንሽ መስቀል ጠለፈች፤ የባሏ ነው። በሌላኛው ላይ በአረንጓዴ ክር ጠለፈች፤ የራሷ ነው።

ጉዞው ሲቃረብ አብረዋቸው የሚኖሩት የንጋቱ እናት፣ እማማ ድንቄ፣ ጉልበታቸው ከዳቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። እሳቸውን ጥለው ሁለቱም ሊሄዱ አይችሉም። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ «እኔ ልቅር» ያለችው አስካለ ናት። ማንም አላስገደዳትም።

«አንተ ሂድ» አለችው ባሏን። «እማማን እኔ እይዛቸዋለሁ። ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አረንጓዴዋን አስባርከህ መልስልኝ።»

«ሌላስ ምን ላምጣልሽ?»

«ሌላ ምንም። ሌላ ብታመጣ አላይልህም።»

«እንኳን ይቺን!» አለ ንጋቱ፣ እየሳቀ። ሁለቱን ጨርቅ በሻንጣው ሥር አጣጥፎ ለሆሳዕና ሄደ።

አስካለ ቀረች። አሮጊቷን አገላብጣ አጠበች፣ አጎረሰች፣ ደግፋ ፀሐይ አሞቀች። እማማ ድንቄ ደግሞ ምላሳቸው የዋዛ አይደለም። አንድ ቀን አጥሚቱ ቀጠነ፣ አንድ ቀን ውሃው በረደ፣ አንድ ቀን ትራሱ ጎረበጠ። አስካለ አንዲት ቃል አልመለሰችም። በልቧ አረንጓዴዋ ጨርቅ ዛሬ ዮርዳኖስ ገባች፣ ዛሬ ድንጋዩ ላይ ተነጠፈች እያለች ቀኑን ታሳልፋለች።

ንጋቱ በዳግም ትንሣኤ ማግስት ገባ። ሰፈሩ በእልልታ ተቀበለው። ትናንት ጎማ ሲነፋ ያየው ሁሉ ዛሬ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይስማል። ቤቱ በሰው ሞላና ሻንጣው መሐል ላይ ተከፈተ።

ለነፍስ አባታቸው ለመምሬ ወልደ ሰንበት ከወይራ የተቀረጸ የእጅ መስቀል ወጣ። ለዕድርተኛው በጥቅል በጥቅል የታሰረ የትንሣኤ ሻማ ወጣ። ለጎረቤቷ ለየሺ የቅባት ብልቃጥ፣ ለጋራዥ ጓደኞቹ የቁልፍ መያዣ፣ ለእናቱ በፕላስቲክ ጠርሙስ የዮርዳኖስ ውሃ። ለዚያ ሁልጊዜ ጎማ አስለጥፎ «ነገ አመጣለሁ» ለሚለው ሾፌር እንኳ የቅድስት ማርያም ሥዕል ደረሰው! አስካለ ከኋላ ቆማ ሻንጣው ሲሟሽሽ ታያለች። ጨዋ ናትና በእንግዳ ፊት አልጠየቀችም።

በመጨረሻ «ይኸው ያንቺ» ብሎ አንድ ሻርፕ ዘረጋላት። መሐሉ ላይ ግመል የታተመበት ነው። ግመል! ወደ ሮቢት ሲወርዱ መንገዱን ሞልቶ የሚርመሰመሰውን ግመል፣ ባሕር አሻግሮ በጨርቅ ላይ አመጣላት! ሴቶቹ «እንዴት ያምራል» አሉ። አስካለም «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ምን ትበል?

እንግዳው ሲወጣ ሻንጣውን ራሷ በረበረችው። አንድ መግነዝ አገኘች፤ የቀዩን መስቀል።

«የእኔዋስ?»

ንጋቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ያላደረገውን ስለማያወራ እሱ እንደነገራት ነው የምነግራችሁ። አብረውት ከሄዱት ተሳላሚዎች መሐል ከመንዝ የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ዘመድ የላቸውም፤ አብሯቸው የመጣ ሰው የለም። ቅዳሜ ሥዑር ጠዋት ባረፉበት ቤት ሞተው ተገኙ። ከረጢታቸው ቢፈተሽ ቁራሽ ዳቦና አንድ ዳዊት እንጂ መግነዝ የለም። «ማን ይሰጣል?» ተባለ። ተሳላሚው ሁሉ ሻንጣውን ወደ ራሱ ጎተተ። ንጋቱ ግን ተነሣና ሻንጣውን ከፈተ። አረንጓዴዋን አውጥቶ ሰጠ። አሮጊቷ በእሷ ተገንዘው እዚያው ተቀበሩ።

«ለምን የራስህን አልሰጠህም?» አለች አስካለ።

«በቀዩ ላይ ስለት ተስያለሁ። ድንጋዩ ላይ ሳነጥፈው በክርስትና ስሜ ጸሎት ተደርሶበታል። ‹ከዚህ በሌላ አልገነዝም› ብዬ ለጌታ መቃብር ቃል ገብቻለሁ። ስለት አፍርስ ትዪኛለሽ?»

«የእኔን ግን መስጠት ይቻላል!»

«ለአንቺው ብዬ እኮ ነው። አሮጊቷ በአንቺ ስም ነው የተገነዙት። ጽድቁ ያንቺ ነው።»

«ጽድቁን አንተ ውሰደው!» ብላ ጮኸች። «ለእኔ ጨርቄን ስጠኝ!»

«ሌላ ትፈትያለሽ፤ ለሚቀጥለው ተሳላሚ እንልካለን።»

«በየትኛው ዓይኔ?»

እውነቱን ለመናገር አስካለም ሬሳ ያለ ልብስ ይቀበር አላለችም። ያንገበገባት ሌላ ነው። በሳምንቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። «ንጋቱ እኮ መግነዙን አውጥቶ ለማያውቃት አሮጊት ሰጠ!» ተባለ። መምሬ ወልደ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት መረቁት። ንጋቱም አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። የማን ጨርቅ እንደሆነ ያነሳ የለም፤ እሱም «የሚስቴ ነው» አላለም። አንድ ቃል ነበረች! ያቺን አንድ ቃል ቢተነፍሳት ኖሮ ምናልባት ይህን ሁሉ ዛሬ አላወራችሁም ነበር።

አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። መርፌዋን ይዛ ፀሐይ ከሚመታው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ባለ ቀዩን መግነዝ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ቀዩን ክር አንድ በአንድ ፈታችው። በፈታችው ቦታ አረንጓዴ መስቀል ጠለፈች። ዓይኗ ስለማያይላት ጣቷን ደጋግማ ወጋችው፤ ግን አልተወችውም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ንጋቱ፣ ከጋራዡ ሲመለስ።

«መግነዜን እየጠለፍኩ።»

«የእኔ እኮ ነው!»

«ያንተን ለአሮጊቷ ሰጥተሃል። አገር መርቆሃል። እንኳን ደስ ያለህ፣ አቶ ንጋቱ።»

«ክሩን ስለቀየርሽ ስለቴ የሚቀየር መሰለሽ?»

«በስሜ ስለሰጠህ ጨርቄ የተመለሰ መሰለህ?»

ጨርቁን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን በማተቧ ላይ አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት «ውሃ አቀብዪኝ»፣ «በሩን ዝጋው» ከማለት በቀር ወሬ አጡ።

እማማ ድንቄ ግን ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ። ጉልበታቸው እንጂ ጆሮአቸው አልደከመም። በርክበ ካህናት ሰሞን ሕመሙ ጠናባቸውና አንድ ከሰዓት በኋላ መምሬ ወልደ ሰንበትን አስጠሩ። ልጃቸውንና አስካለንም በአልጋው ግራና ቀኝ አቆሙ።

ምን እንዳሉ ከመናገሬ በፊት አንድ ያለፈ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የአስካለ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ በክረምት መጥተው ነበር። ታመሙና በሦስተኛው ቀን በዚያው ቤት አረፉ። እማማ ድንቄ የዚያን ጊዜ መነኩሴ ወንድማቸው ከኢየሩሳሌም ያመጣላቸው መግነዝ ነበራቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው ሳጥናቸውን ከፍተው አወጡት። «የልጄ ሚስት አባት ከቤቴ በአቡጀዲ አይወጣም» አሉ። አስካለ እግራቸው ላይ ወድቃ «እማማ፣ በቁሜ እተካልዎታለሁ!» ብላ አለቀሰች። እማማ ድንቄም ያን ውለታ ከዚያ ወዲያ በአፋቸው አላነሱትም።

አስካለም አልረሳችም። መፍተል የጀመረች ቀን «እማማ፣ ለእርስዎም ልፍተል?» ብላ ጠይቃለች። እሳቸውም «ተይው ልጄ፣ ለእኔ አፈሩም ይበቃኛል» አሉ። አስካለ አመነቻቸው። ሁለት ብቻ ፈተለች።

አሁን ወደ አልጋው እንመለስ።

«አስካሌ» አሉ እማማ ድንቄ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «እንግዳ ገበታ ላይ አንዴ ‹ጠግቤያለሁ› ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አጎርሳለሁ፣ እማማ።»

«‹በሞቴ› ብለሽ፣ ‹አፈር ስሆን› ብለሽ፣ አይደለም? ለአንድ ጉርሻ ሦስቴ ትለምኛለሽ። መግነዜን ግን አንዴ ጠይቀሽኝ ዝም አልሽ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ሥር ስትፈትዪ፣ ዛሬ ትደግመኛለች፣ ነገ ትደግመኛለች ስል ኖርኩ።»

አስካለ ፊቷ ጋለ። «እማማ፣ አልፈልግም ያሉኝ እርስዎ! እንደሚፈልጉ መቼ ነገሩኝ?»

«የሰጠሁትን መልሺልኝ ብዬ ልለምንሽ ኖሯል?»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተም ለማታውቃት አሮጊት አልነፈግህም። ለወለደችህ ትነፍጋለህ?»

ንጋቱ ዕንባው መጣ። «እናቴ፣ ስለት አለብኝ...»

«መምሬ፣ ይስሙልኝ» አሉ እማማ ድንቄ። «እኔ የምገነዘው ሳጥን ውስጥ ባለው ነው። በአቡጀዲ ጠቅልለው ከሸኙኝ ሁለቱንም ይቅር አልላቸውም።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይ ወጣ እንዳለች አረፉ።

የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ድንኳን ተጣለ። ሬሳውን ያጠበችው አስካለ ናት። «ሌላ ሰው ይጠብ» ቢሏት እምቢ አለች፤ ስታጥብም አለቀሰች። ትወዳቸው ነበር እኮ! ተናዳባቸዋለች፣ ደግሞ ትወዳቸዋለች። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንዲት ቃል ይነፍጓታል? እሷስ አንዴ ጠይቃ እንዴት ተኛች? እማማ እኮ ናቸው፤ መች ነው ለመጀመሪያ ጥያቄ «እሺ» ብለው የሚያውቁት? በእሳቸው ትናደዳለች፣ በራሷ ትናደዳለች። ከሁሉም በላይ ግን ሳይጠይቃት በሰጠባት በባሏ ትናደዳለች።

ሰሌኑ ተነጠፈ። መምሬ ወልደ ሰንበት ፍትሐቱን ሊጀምሩ ቆመው መግነዙን ጠየቁ። ንጋቱ ወደ አስካለ መጣና እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ወስደህ ለማን ልታደርገው ነው? ለእናትህ ነው ለራስህ?»

ንጋቱ ለእናቴ ካለ ለመቃብሩ የገባውን ቃል ማፍረሱ ነው። ለራሴ ካለ እናቱ ፊት ለፊቱ ተጋድመዋል። መምሬን አየ። «አባቴ፣ ይፍቱኝ፤ ከስለቱ ይፍቱኝ።»

«እዚያ ሄደህ ለጌታ መቃብር የተሳልከውን እኔ እዚህ ቆሜ አልፈታውም» አሉ መምሬ። «እናትህ ሲናዘዙም አልሰማሁም አልልም። የሴትዮዋን ልፋት ከአንገቷ በጥሼም አልገንዝም። ተስማሙና ጥሩኝ።» ወጥተው ደጅ ተቀመጡ።

ንጋቱ እንደገና ዞረ። «የመጣው በእኔ እግር ነው። ጸሎት የተደረሰበት በእኔ ስም ነው። ለእናቴ ብሰጠውም፣ ባስቀረውም፣ ኃጢአቱም ጽድቁም የእኔ ነው። ስጪኝ!»

«አየህ!» አለች አስካለ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እስኪሰማ። «ዛሬም በእኔ ፈትል ደግ ልትባል ነው! አንዴ ሳትጠይቀኝ ሰጥተህ ተመርቀሃል። አሁን የምሰጥ ከሆነ በእጄ ነው የምሰጠው፤ እምቢ የምል ከሆነም በአፌ ነው እምቢ የምለው። አንተ ግን ሁለተኛ በእኔ ነገር ላይ እጅህን አታነሣም!»

ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ለሦስት ነው የተከፈለው። ጎረቤቷ የሺ ከነጓደኞቿ «የፈተለችው እሷ፣ የቀረችው እሷ፣ የተነፈገችውም እሷ! ዓይኗ ጠፍቶ ዳግም የማትፈትለውን ምን ሊያደርጓት ነው?» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ «ስለት ስለት ነው፤ በስሙ ጸሎት የተደረሰበትን ሌላ ሰው ቢለብሰው ለማንም አይበጅ» ይላሉ። ከእማማ ድንቄ ጋር ያረጁት አሮጊቶች ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «የአስካለ አባት ዛሬ በማን ጨርቅ ነው የተኛው? እስቲ ተናገሩ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ።

አስካለ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሬሳው እንደ ታጠበ ነው፣ ሰሌኑ ባዶውን ተዘርግቷል። ቁልፉን በጭብጧ ይዛ ሳጥኑ አጠገብ ቆማለች። አንድ ጊዜ ወደ አልጋው ታያለች፣ አንድ ጊዜ ወደ ባሏ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሳጥኑ።

እናንተ ደግሞ ተቀምጣችሁ አትዩኝ። «ለሟች ይሰጥ» ብላችሁ ለመገላገል የቸኮላችሁ፣ ሦስቱም ሟቾች መሆናቸውን አትርሱ፤ እማማ ድንቄ ቀደሙ እንጂ። «ባለ ስለቱ ይውሰድ» የምትሉ፣ ሲሰጥ የማንን እንደሰጠ ንገሩኝ። «የፈተለችው ታስቀረው» የምትሉም፣ አሥራ አምስት ዓመት ዝም የተባለበትን ውለታ በምን እንደምትመልስ ንገሩኝ። ሁለት ዓመት ዓይኗን ላፈሰሰችበት ለአስካለ ነው? ተሸክሞት ዮርዳኖስ ለወረደውና ለተሳለበት ለንጋቱ ነው? የራሳቸውን ሳይለመኑ ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ለተጋደሙት ለእማማ ድንቄ ነው? ቀባሪው ደጅ ቆሟል፣ ፍረዱ፤ መግነዙ ለማን ይገባል?